የመጀመሪያው የንግድ ኤፍ ኤም ራዲዮ ጣቢያ ታሪክና ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ነጋዴ ሸቀጡን ለሕዝብ ለማስታወቅ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ሙዚቃ በሚያሰሙ የኤፍ ኤም ራዲዮ ጣቢያዎች ይጠቀማል። ይህ ዐይነቱ ሥራ በመጀመሪያ እንዴት እንደ ተቋቋመና ምን ችግር እንደ ደረሰበት ማወቅ፥ ከውጭ አገር ዕቃ ለሚያስመጣውም ሆነ በሱቁ ለሚሸጠው ሰው ጥቅም ስላለው ታሪኩን በአጭሩ እንገልጻለን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤፍ ኤም የተባለውን አሠራር የፈለሰፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ ሲሆን፥ የፈጠራ መብቱ የተመዘገበለት በ1933 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ በነበረው በኤ ኤም አሠራር የመብረቅና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጩኸት ከድምፁ ጋር እየተቀላቀለ አድማጩን ያውከው ነበር። አዲሱ አሠራር ይህን ጩኸት እጅግ ስለ ቀነሰው፥ ይልቁንም ለሙዚቃ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በ1940 ዓ.ም. ከ42 እስከ 50 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ሞገድ ለኤፍ ኤም መደበ፤ ከ1941 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም ጣቢያዎቹ ማስታወቂያ እየሸጡ እንዲሠሩ ፈቀደ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፥ በቴኔሲ ክፍለ ሀገር በናሽቪል ከተማ «ደብልዩ 47 ኤን ቪ» የተባለው ጣቢያ ሙሉ የንግድ ፈቃድ ይዞ ሥራውን ጀመረ። በዚህ ረገድ ከሁሉ የቀደመ እርሱ ነው። ባለቤቱ ናሽናል ላይፍ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ሲሆን፥ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ «ደብልዩ ኤስ ኤም» የተባለውን ታዋቂ የኤ ኤም ጣቢያ ሲያካሂድ ቆይቷል። ስለዚህ ገንዘብም፥ ልምድም፥ ስምም አልጐደለውም።

የጐደለው አድማጭ ነበር። የማስታወቂያ ዋጋ የሚተመነው በአድማጩ ብዛት ነው፤ አድማጩ ደግሞ ኤፍ ኤምን ለመስማት አዲስ ራዲዮ መግዛት ነበረበት። ጣቢያዎች ሳይበዙ ራዲዮ የሚገዛው ጥቂት ነበረ፤ ራዲዮ ሳይበዛም ጣቢያው ገቢ አያገኝም። በዚህ ላይ ፋብሪካዎች ሁሉ ወደ ጦር መሣሪያ ሥራ ስለ ተዛወሩ፥ ለሕዝብ የሚሸጥ ራዲዮ መሥራት በ1942 ዓ.ም. ቆመ።

ከዚህም የባሰ ነገር ተከተለ። ኮሚሽኑ በ1945 ዓ.ም. ኤፍ ኤም ቀድሞ ከተመደበለት ሞገድ ተነሥቶ ከ88 ሜጋ ኸርዝ በላይ ወዳለው እንዲዛወር ወሰነ። ከዚህ የተነሣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ራዲዮኖች ምንም ሳይሰበሩ፥ ምንም ሳያረጁ ለኤፍ ኤም የማይጠቅሙ ሆኑ። ገዢው ሁለተኛ ራዲዮ እንዲገዛ፥ ጣቢያውም ማሠራጫውን እንዲለውጥ ተገደዱ። የናሽቪሉ ጣቢያም ስሙንና ሞገዱን ለውጦ ጥቂት ከሠራ በኋላ በ1951 ዓ.ም. ተዘጋ።

ይሁን እንጂ አሠራሩ ራሱ አልሞተም። በ1961 ዓ.ም. የስቴሪዮ ድምፅ ተፈቀደ። ቀጥሎም በትልልቅ ከተሞች የኤ ኤሙን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ በኤፍ ኤም መድገም ስለ ተከለከለ፥ ጣቢያዎቹ የራሳቸውን የሙዚቃ ፕሮግራም ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። የኢንሹራንስ ኩባንያውም በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በዚያችው ከተማ ሌላ የኤፍ ኤም ጣቢያ ገዝቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የኤፍ ኤም አድማጭ በአሜሪካ ከኤ ኤሙ በለጠ።

ይህ ታሪክ ለእኛም የራቀ አይደለም። በአገራችን ኤፍ ኤም የሚሠራው ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ ነው፤ የጃፓን ግን ከ76 እስከ 95 ብቻ ነው። ስለዚህ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ የመኪና ራዲዮ ቢመጣ፥ መለወጫ ካልተገጠመለት በቀር በአዲስ አበባ በ98.1 የሚሰማውን ፋናንም ሆነ በ102.1 የሚሰማውን ሸገርን አይዝም። ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ደንበኛው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፤ ኪሳራውም የነጋዴው ይሆናል።

እንግዲህ አስመጪው ኤል ሲ ከመክፈቱ አስቀድሞ የዕቃውን ዋጋና ጥራት ብቻ ሳይሆን፥ በሚሸጥበት አገር ከተመደበው ሞገድ ጋር መስማማቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል። ባለሱቁም ዕቃውን ከመረከቡ በፊት ከፍቶ ቢያዳምጠው ከብዙ ክርክር ይድናል።