የእንቁላል ቅርፊት፣ አቼቶ እና የዓባይ በረሃ ድንጋይ

አልጫ ወጥ የፈሰሰበት ነጭ ነጠላ በሳሙና ሲታሽ ቢጫው ምልክት ድንገት ቀይ ይሆናል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ደግሞ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ለውጡን የሚያመጣው በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ቀለም ነው። ኩርኩሚን ኮምጣጣ ነገር ማለትም አሲድ ሲነካው ቢጫ፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ቤዝ ሲነካው ቀይ ይሆናል። በኬሚስትሪ እንዲህ ያለው ንጥረ ነገር አመልካች ይባላል። ዋጋው ውድ በሆነ ዕቃ የሚሠራውን ልኬታ የወጥ ቤት ቅመም በቀለሙ ይናገረዋል።

ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በጥቂት ውሃ ይበጠበጥና ነጭ ወረቀት ይቀባበታል። ወረቀቱ ሲደርቅ ልጁ ጥጥ በተጠቀለለበት ስንጥር አንዴ የሎሚ ጭማቂ፣ አንዴ የሳሙና ውሃ፣ አንዴ አመድ የተዘፈዘፈበትን ውሃ እየነከረ ይጽፍበታል። ሎሚው ቢጫውን አይለውጠውም፤ ሳሙናውና አመዱ ግን በቀይ ይጽፋሉ። የእንጨት አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ውሃውን ቤዝ ያደርገዋል። ቆዳንና ዓይንን ሊያቃጥል ስለሚችል የአመዱን ውሃ አቅጥኖ ማዘጋጀት የአዋቂ ሥራ ነው። በቀዩ ጽሑፍ ላይ ሎሚ ሲያልፍበት ጽሑፉ ይጠፋል። ብዙ ልጅ ደጋግሞ የሚሠራውም ይህንኑ ማጥፋትና መመለስ ነው፤ ሳያውቀው አሲድና ቤዝ አንዱ የሌላውን ኃይል እንደሚሽር በእጁ እየፈተነ ነው።

ቀጣዩ ሙከራ ድምፅም አለው። ከሱቅ በተገዛ ቤኪንግ ሶዳ ላይ አቼቶ ሲፈስበት እየተንሿሿ አረፋ ይደፍቃል። በአረፋው ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሩብ ያህል አቼቶ ከተደረገ በኋላ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሶዳ የተጨመረበት ፊኛ በጠርሙሱ አፍ ላይ ይጠለቅና ሶዳው ይራገፋል። ፊኛው ማንም ሳይነፋው ይነፋል። ጠርሙሱ በክዳን ከተዘጋ ግን ግፊቱ ሊያፈነዳው ስለሚችል ፈጽሞ አይዘጋም። ይህ ጋዝ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ሶዳና አቼቶ በሰፊ ማሰሮ ተቀላቅለው አረፋው ሲበርድ ማሰሮውን ፈሳሹን ሳያፈስሱ በበራ ጧፍ ላይ ጎንበስ ሲያደርጉት ጧፉ ይጠፋል። እሳት ባለበት ሁሉ ግን አዋቂ አጠገብ መኖር አለበት።

ከዚሁ ጋር አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ በረኪና ከልጆች ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ቦታ የለውም።

የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውም ፊኛውን የነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በእርሾ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የሊጡን ስኳር ሲመገቡ ጋዝና አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ ሊጡን ያኮመጥጠዋል፤ ጋዙ በምጣዱ ሙቀት እየሸሸ ሲወጣ ዓይኑን ይከፍታል። በጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ እንደሆነችው ሉማሜ ባለ ከፍታ ቦታ፣ በተለይም በክረምት ብርድ፣ ሊጥ ለመቡካት ጊዜ የሚወስደው ሕዋሳቱ በብርድ ስለሚዘገዩ ነው። ይህን ለማየት ከሱቅ የተገዛ ደረቅ እርሾ፣ ስኳርና ለብ ያለ ውሃ እኩል እኩል በሁለት ጠርሙስ ይደረግና ሁለቱም ላይ ፊኛ ይጠለቃል። አንዱ ከምድጃ አጠገብ፣ ሌላው ብርድ ቦታ ይቀመጣል። ከሙቀቱ በቀር ምንም ልዩነት ስለሌለ የመጀመሪያው ፊኛ ቀድሞ ሲነሳ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። ሳይንስ ከትርኢት የሚለየው በዚህ ነጥብ ስለሆነ ልጁ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ይቀድማል ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ደግሞ የእንቁላሉ ሙከራ ነው። ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ ተደርጎ አቼቶ ይሞላበታል። ወዲያው ቅርፊቱ ላይ ትንንሽ አረፋ ይለጠፋል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አቼቶው አንዴ ተቀይሮለት ቅርፊቱ ይሟሟና እንቁላሉ በስስ ሽፋን ብቻ ተጠቅልሎ፣ ውሃ ስለሚስብም ተልቆ፣ እንደ ፊኛ ለስልሶ ይገኛል። ቅርፊቱ አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲያገኘው ያንኑ ጋዝ ይለቃል። እንቁላሉ አይበላም፤ የነካ እጅም በሳሙና ይታጠባል።

ካልሲየም ካርቦኔት በዶሮ ጓሮ ብቻ አይገኝም፤ በዓባይ በረሃ ድንጋይም ውስጥ አለ። ሉማሜ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ሲሆን ከታች የሚታየው ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ነጣ ያለው ድንጋይ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት አካባቢውን ባሕር በሸፈነው ጊዜ የተከማቸ ነው። ሁለቱ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አቼቶ ሲንጠባጠብባቸው፣ በተለይም ተፈቅፍቀው ዱቄታቸው ሲነካ፣ ነጩ ልክ እንደ እንቁላሉ ቅርፊት አረፋ ያወጣል፤ ጥቁሩ ዝም ይላል። ጂኦሎጂስቶችም በመስክ የኖራ ድንጋይን የሚለዩት አሲድ ጠብ በማድረግ ነው።

በጎጃም ደጋ የኖራ ድንጋይና የአሲድ ነገር ከጨዋታ ያልፋል። ብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመን ካልሲየሙን እያጠበ ስለወሰደው ሰፊ መሬት አሲዳማ ሆኗል። የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይመርዛል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ስለሚታሰር የተዘራው ማዳበሪያ ለተክሉ አይደርስም። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በብርጭቆ አቼቶውን የሻረው ካልሲየም ካርቦኔት በማሳው ላይ የአፈሩን አሲድ ይሽራል። ልዩነቱ በመጠኑ ነው፤ ለእንቁላሉ አንድ ብርጭቆ ሲበቃ ለአንድ ሄክታር ማሳ ኖራው በአስር በሚቆጠሩ ኩንታሎች ይበተናል።