ያውቁ ኖሯል? ሙስካቲን፣ የዛጎል አዝራር ከተማ

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኘው ሙስካቲን ትንሽ ናት፤ ታሪኳ ግን ሰፊ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

• አዝራር ከወንዝ። ከጀርመን የመጣው አዝራር ሠሪ ጆን ቦፕል በ1891 ከወንዙ ዛጎል የልብስ አዝራር መሥራት ጀመረ። በ1905 የከተማዋ ፋብሪካዎች 1.5 ቢሊዮን ገደማ አዝራር አመረቱ፤ ይህም በዓለም ከተመረተው ከሲሶ በላይ ነበር።

• አሠራሩ። ዛጎሉ ከወንዙ ወለል ተለቅሞ ይቀቀል፣ ሥጋውም ይወጣ ነበር። ቅርፊቱ በቱቦ ቅርጽ መጋዝ በክብ ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ ተበስቶና ተወልውሎ አዝራር ይሆን ነበር። ዛጎሉ ሲመናመንና ፕላስቲክ ሲስፋፋ ሥራው ተዳከመ።

• ደራሲው ማርክ ትዌይን በወጣትነቱ ለጥቂት ጊዜ በከተማዋ ኖሯል፤ የበጋ ጀንበሯን አጠላለቅም በአንድ መጽሐፉ አድንቋል።

• የአባት ክስ። ጥቁር አሜሪካዊው ፀጉር አስተካካይና ነጋዴ አሌክሳንደር ክላርክ፣ ልጁ ሱዛን በቀለሟ ምክንያት ከነጮች ትምህርት ቤት ስትከለከል ፍርድ ቤት ሄደ። የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1868 ፈረደላቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን የሻረው ከ86 ዓመት በኋላ፣ በ1954 ነው። ክላርክ በ1890 በላይቤሪያ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ተሾመ። ለአንዲት ልጅ የተጠየቀ ፍትሕ፣ ለግዛቲቱ ጥቁር ሕፃናት ሁሉ የትምህርት በር ከፈተ።