ከሰሉ የት ሄደ?

በረካው ሲቀዳ ምድጃው ላይ የሚቀረው እፍኝ የማይሞላ አመድ ነው። አቦሉ ሲፈላ ግን ምድጃው በከሰል ተሞልቶ ነበር። ያ ሁሉ ከሰል የት ገባ? ስለ ካርቦን ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የቀረበ መነሻ አይገኝም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንትንም ይኸው ጥያቄ አስጨንቆታል። 62 ፓውንድ ከሰል አቃጥሎ ያገኘው 1 ፓውንድ አመድ ብቻ ነበር። በንኖ ለጠፋው ነገር ስም አወጣለት፤ «ጋዝ» የሚለው ቃል የእሱ ነው።

ሌላም ሙከራ አድርጓል። 200 ፓውንድ ደረቅ አፈር ማሰሮ ውስጥ ጨምሮ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለና አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። ዛፏ 169 ፓውንድ ደረሰች፤ ከአፈሩ የጎደለው 2 አውንስ ገደማ ነው። እሱም እንጨቱ ከውሃ ተሠራ ብሎ ደመደመ። ተሳስቷል። ውሃው ድርሻ ቢኖረውም፣ የደረቅ እንጨትን ክብደት ግማሽ ያህል የሚይዘው ካርቦን የመጣው ከአየር ነው። ቅጠል በፀሐይ ጉልበት ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውሃን አዋህዶ ስኳር ይሠራል፤ ግንዱም ሥሩም የሚበጀው ከዚያ ነው። ከሰል ሲነድ የሚበነውም ይኸው ጋዝ ነው። ቫን ሄልሞንት ሁለቱንም ጫፍ ይዞ ሳይቋጥራቸው ቀረ።

ተማሪዎችም እዚሁ ላይ ይሰናከላሉ፤ የማይታይ አየር ግንድ ይሆናል ብሎ ማመን ይከብዳቸዋል። ለዚህ ኖራ ይረዳል። ለግድግዳ የሚቀባውን ኖራ በውሃ በጥብጦ ማስቀመጥ፣ ሲጠልል ከላይ ያለውን ኩልል ያለ ውሃ በብርጭቆ መቅዳት ነው። ተማሪው ውሃውን ወደ አፉ ሳይስብ በስትሮ ቀስ ብሎ ሲተነፍስበት ብርጭቆው ወተት ይመስላል። ቁርስ ላይ የበላው እንጀራ ካርቦን በትንፋሹ ወጥቶ ከኖራው ጋር ተዋህዷል። ነጩ ደቃቅ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል፤ የበሃ ድንጋይም የተሠራው ከእሱ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጓዝ ሰው ዓባይ በረሃን ሲወርድ ይህንኑ ድንጋይ ተነባብሮ ያየዋል። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት አገሩ ባሕር ሳለ የተቀበረ ካርቦን ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ የበሃ ድንጋይ ሲያቃጥል፣ መኪና ቤንዚን ሲያነድ፣ የተቀበረው ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት በተጀመረበት በ1958 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው።

ለክፍሉ ሙከራ እፍኝ ኖራ፣ ብርጭቆና ስትሮ ይበቃል። ከሰል አቃጥሎ አመዱን ማሳየት የሚፈልግ መምህር ግን ደጅ ያድርገው። አየር ያነሰው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰውም ይገድላል።