በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ፦ የካናዳ ምክር ቤት ድምፅ አልባ መሣሪያ

ኦታዋ ውስጥ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በእኛ የሰዓት አጠራር ከቀኑ 8፡15 ሲሆን፣ የካናዳ ታችኛው ምክር ቤት ይሞቃል። ለ45 ደቂቃ ተቃዋሚዎች ይጠይቃሉ፤ ሚኒስትሮች ይመልሳሉ። ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ 35 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ለመልሱም እንደዚያው። ጭብጨባውና ጉርምርምታው ለማታው ዜና ይበቃል። ተጨባጭ ቁጥር ግን ከዚያ ግርግር ውስጥ እምብዛም አይወጣም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የካናዳ ልዑካን ለንግሥት ኤልሳቤጥ ቀብር ለንደን ሄዱ። የሆቴል ሂሳባቸው ወደ 400,000 የካናዳ ዶላር የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ክፍል ብቻውን በአዳር ከ6,000 ዶላር በላይ ተከፍሎበታል። «እዚያ ክፍል ያደረው ማነው?» የሚለው አንዲት ጥያቄ በምክር ቤቱ ደጋግማ ተነሣች፤ መልሱ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሆነ። ያደሩት የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ መሆናቸው የተረጋገጠው ከወራት በኋላ ነበር።

በዚያው ምክር ቤት ግን ካሜራ የማይቀርጸው ሌላ የጥያቄ መንገድ አለ። አንድ አባል ጥያቄውን ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገባል። ጥያቄው ቁጥር ይሰጠውና በምክር ቤቱ የጉዳዮች ዝርዝር ላይ ይታተማል። አንድ አባል በአንድ ጊዜ ሊያስመዘግብ የሚችለው 4 ጥያቄ ብቻ ነው። ከፈለገም መንግሥት በ45 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ይጠይቃል። ቀኑ አልፎ መልስ ካልመጣ፣ የመዘግየቱ ጉዳይ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። መልሱ ሲመጣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቶ፣ ተፈርሞበት፣ የምክር ቤቱ ሰነድ ይሆናል።

የዚህ መሣሪያ ጥበብ ያለው ከአጠያየቁ ላይ ነው። «መንግሥት ለጉዞ ገንዘብ እያባከነ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው ንግግር ነው። በጽሑፍ ጥያቄ ውስጥ ክርክርና አስተያየት ማስገባትም አይፈቀድም። ሙያውን የሚያውቅ አባል ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ሽንኩርት ይከትፈዋል። ለምሳሌ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ ባለፈው የበጀት ዓመት በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት፣ ሀ) በቢዝነስ ክላስ ወደ ውጭ አገር የበረሩት ስንት ናቸው? ለ) የእያንዳንዱ ቲኬት ዋጋ፣ መነሻና መድረሻ ምንድን ነው? ሐ) ጉዞውን የፈቀደው ኃላፊ የሥራ መደቡ ምንድን ነው? መ) ስብሰባው በቪዲዮ ሊካሄድ አይችልም ተብሎ የተወሰነው በምን ምክንያት ነው?

«ለ» የምትጠይቀው ደረሰኝ ነው። «ሐ» እና «መ» ግን ወደ መመሪያው ይገባሉ፤ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ሳይሆን በማን ፈቃድና በምን ሚዛን እንደሚወጣ ይጠይቃሉ። ደረሰኙ ለአንድ ቀን ያስቆጣል፤ መመሪያው ከተሻሻለ ግን የሚቀጥለው ዓመት ደረሰኝም አብሮ ይለወጣል።

የሆቴልና የቲኬት ወጪ ዛሬ ወጥቶ ዛሬ የሚታይ ነው። የአካባቢ ብክለት ዕዳ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መንግሥት ኃላፊነቱን በተሸከመበት የተበከለ መሬት ላይ ለጽዳት ያስፈልጋል ብሎ የሚገምተው ገንዘብ፣ ገና ሳይከፈል በሂሳብ መዝገቡ ላይ በዕዳነት ይሰፍራል። ፌዴራል መንግሥቱ በዝርዝሩ የያዛቸው የተበከሉና ተበክለዋል ተብለው የተጠረጠሩ ቦታዎች ከ20,000 በላይ ናቸው። ከነዚህ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው።

በሰሜን ካናዳ፣ ከየሎውናይፍ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ጃይንት የሚባል የወርቅ ማዕድን ማውጫ አለ። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ወርቁ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ባዘለ ድንጋይ ውስጥ ስለነበረ ድንጋዩን መጥበስ ያስፈልግ ነበር፤ ሲጠበስ መርዙ በጭስ ይወጣል። በ1951 በአቅራቢያው ከሚኖሩት የዴኔ ነባር ሕዝቦች አንድ ሕፃን በአርሴኒክ ተመርዞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው የመርዙን ዱቄት እየሰበሰበ ከመሬት በታች ባሉ ክፍሎች ማጠራቀም ያዘ። ዛሬ እዚያ የተቀበረው 237,000 ቶን ነው፤ ውሃ ካገኘው ይሟሟል፤ ታላቁ የስሌቭ ሐይቅ ደግሞ አጠገቡ ነው።

ባለቤቱ ኩባንያ በ1999 ከሰረ። ወርቁ ተሽጦ አልቋል፤ መርዙ ግን ለመንግሥት ቀረ። የተመረጠው መፍትሔ ዱቄቱን ባለበት ማቀዝቀዝ ነው፤ ሙቀትን ከመሬት ውስጥ መጥጠው የሚያወጡ ቱቦዎች ይተከሉና በዙሪያው ያለው ዓለት በረዶ ሆኖ እንዲቆይ ይደረጋል። ወጪው ቀደም ሲል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በታች ይገመት ነበር፤ በ2022 ግን 4.38 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህም የለንደኑ የሆቴል ሂሳብ ከአሥር ሺሕ እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም «ማን አደረ?» እንደሚለው ጥያቄ ለ35 ሴኮንድ ፉክክር አይመችም። የሚመቸው ለወረቀቱ ነው፦ የዘንድሮው ግምት ስንት ነው? የአምናውስ? ልዩነቱ ከምን መጣ? በረዶው እንዳይቀልጥ የሚጠብቀው ማነው፣ እስከ መቼ?

መሣሪያው ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። መሥሪያ ቤቶች «መረጃው በዚህ መልክ አይያዝም፤ ፋይሎችን አንድ በአንድ መፈተሽ ይጠይቃል» የሚል መልስ መስጠት ይወዳሉ። አፈ ጉባኤውም የመልሱን ጥራት አይዳኝም። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሲዘጋ ያልተመለሱት ጥያቄዎች አብረው ይቀራሉ፤ የሚፈልግ እንደገና ያስመዘግባል።

ቢሆንም በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የተፈረመ መልስ ካለ፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ እንደገና አቅርቦ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። «መረጃው አይያዝም» የሚለው መልስ እንኳ ለሚቀጥለው ጥያቄ መነሻ ነው፦ ለምን አይያዝም?

ጥያቄውን ማስመዝገብ የሚችለው የምክር ቤት አባል ብቻ ነው፤ ሐሳቡን ግን ማንም ነዋሪ ሊያቀብለው ይችላል። ቶሮንቶም ሆነ ኤድመንተን ያለ ኢትዮጵያዊ ለመረጠው ወይም ለወረዳው አባል ቢጽፍ፣ ካናዳ ውስጥ ወደ ምክር ቤቱ የሚላክ ደብዳቤ ቴምብር አይጠየቅበትም። ጽሑፉ ግን ቢከተፍ ይሻላል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።