አዳራሽ ተጥሎ የተወጣበት አክራሪነት እንዴት ሚኒስትር ሆነ?

እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 25 ቀን 1994 ዕለቱ ጁሙዓ፣ ወሩም ረመዷን ነበር። በአል-ኸሊል ከተማ በሚገኘው ኢብራሂሚ መስጂድ የሱብሒ ሰላት ሲሰገድ ባሩክ ጎልድስታይን የተባለ አይሁዳዊ ሰፋሪ ተኩስ ከፍቶ 29 ሰጋጆችን ገደለ። አላህ ይዘንላቸው። ገዳዩ የመኢር ካሃኔ ፓርቲ የ«ካኽ» አባል ነበር።

ካሃኔ በ1984 በአንድ መቀመጫ ወደ እስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት ገብቶ ነበር። ዓረቦች ከአገሪቱ ይባረሩ ባይ ነው። እሱ ሊናገር ሲነሳ ግን የቀኝ ዘመሙ ሊኩድ መሪ ይስሐቅ ሻሚር ጭምር አዳራሹን ጥለው ይወጡ ነበር። በ1988 ፓርቲው በዘረኝነቱ ከምርጫ ታገደ፤ ከመስጂዱ ጭፍጨፋ በኋላም በአሸባሪነት ተፈረጀ።

ከካሃኔ ተከታዮች አንዱ ኢታማር ቤን ጊቪር ነው። በ2007 ዘረኝነትን በማነሳሳትና አሸባሪ ድርጅትን በመደገፍ ጥፋተኛ ተብሏል። የጎልድስታይንን ፎቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎ ኖሯል። በ2022 መጨረሻ ግን ፖሊስን የሚያዝ የብሔራዊ ደህንነት ሚኒስትር ሆነ።

ምን ተለወጠ? መልሱን ቁጥሩ ይነግረናል። ክኔሴት 120 መቀመጫዎች አሉት፤ አብላጫው 61 ነው። ወደ ምክር ቤቱ ለመግባት ደግሞ አንድ ፓርቲ ቢያንስ 3.25 በመቶ ድምፅ ማግኘት አለበት። ትናንሾቹ የአክራሪ ቡድኖች ለየብቻ ቢወዳደሩ ድምፃቸው ሊባክን ይችል ነበር። ስለዚህ የሊኩዱ ኔታንያሁ እንዲጣመሩ ገፋፉ። በ2022 ጥምረቱ 14 መቀመጫዎች አገኘ። የኔታንያሁ ጎራ በጠቅላላ 64 ነበረው፤ 14ቱ ሲቀነሱ 50 ብቻ ይቀራል። ትናንት አዳራሽ ተጥሎ የተወጣበት አስተሳሰብ ዛሬ መንግሥት የሚያቆምና የሚጥል ሆነ ማለት ነው። ቤን ጊቪር በጃንዋሪ 2025 የጋዛን ተኩስ አቁም ተቃውሞ ከመንግሥት ወጣ፤ ድብደባው በማርች ሲቀጥል ተመልሶ ሥልጣኑን ያዘ።

ይህን ስንል አይሁድን ሁሉ በአንድ ሚዛን እየመዘንን አይደለም፤ ካሃኔን ከምርጫ ያገዱት የእስራኤል ተቋማት ራሳቸው ነበሩ። ማንኛውም ፓርቲ ማን እንደሚደግፈው መቆጣጠር አይችል ይሆናል። ለድጋፉ በምላሹ ምን እንደሚሰጥ ግን የሚወስነው ራሱ ነው። እኛም የትኛውንም ፓርቲ፣ በእኛ ስም የሚናገረውንም ጭምር፣ ስንመዝን አክራሪ ደጋፊዎቹን በይፋ ይመልሳቸዋል ወይስ ወንበር ይስብላቸዋል ብለን እንጠይቅ። የአል-ኸሊል ሰጋጆች ደም ያስተማረን ይህንን ነው።