ብሎኑን ከማጥበቃችን በፊት፦ የብየዳ ሽቦ ውጥረትና ፊዚክሱ

በር፣ መስኮትና አልጋ በሚሠሩ የብረት ሥራ ቤቶች አዘውትረን የምናየው ብየዳ፣ በያጁ በእጁ ይዞ እያቀለጠ የሚያሳጥረው የኤሌክትሮድ ብየዳ ነው። ኤሌክትሮዱ ሲያልቅ ሥራው ይቆማል፤ ሌላ ይተካል፤ ሥራው ይቀጥላል። ሚግ በሚባለው የብየዳ ማሽን ግን ኤሌክትሮዱ ከጥቅል እየተፈታ ያለማቋረጥ የሚመጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ፣ በባትል መታሰቢያ ኢንስቲትዩት፣ በተለይ አሉሚኒየምን ለመበየድ ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ውድ በሆኑት ጋዞች ፈንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠቀም በመጀመሩ ለተራ ብረት ሥራም አዋጪ ሆነ። ዛሬ በጋራዦችና በማሠልጠኛ ተቋማት ብቻ ሳይሆን፣ በአነስተኛ መጠን ተሠርቶ በመኖሪያ ቤት ውስጥም ያገለግላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ማሽን አንድ ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የሽቦውን ውጥረት ማስተካከል። ጉዳዩ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የምናውቃቸው ሦስት አራት የፊዚክስ ሕጎች በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

አስቀድመን ስለራሳችን አንድ ነገር እንናዘዝ። በውጭ አገር ለዶክትሬት ዲግሪ በምንማርበት ወቅት ለሙከራ መሣሪያችን የሚሆን የብረት ጠረጴዛ ለመበየድ ወደ ትምህርት ክፍሉ ወርክሾፕ ገባን። ሽቦው እየተቆራረጠ መጣ፤ ብሎኑን አጠበቅን። ጥቂት ሠርቶ እንደገና ቆመ፤ እንደገና አጠበቅን። በሦስተኛው ጊዜ ሽቦው በማሽኑ ሆድ ውስጥ የወፍ ጎጆ መስሎ ተተበተበ። የወርክሾፑ አዛውንት ቴክኒሻን መጥተው ትብትቡን ቆርጠው ጣሉ፤ ብሎኑን እኛ ካገኘንበት በታች አላሉት፤ ከዚያም መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ የነበረውን የቶርች ኬብል በእግራቸው ገፋ አድርገው አቃኑት። ማሽኑ ያለ እንከን ሠራ። እኛ ያፈርነው ስላላወቅን አልነበረም። ያንኑ ሕግ በወረቀት ላይ ከመነሻው እስከ መድረሻው ማስላት እንችል ነበር፤ እግራችን ሥር ተጠምጥሞ ሲተኛ ግን አላወቅነውም።

ሽቦው የሚጓዝበት መንገድ

የሽቦው መንገድ ከጥቅሉ ይጀምራል። ጥቅሉ በአንድ እንዝርት ላይ የሚሽከረከር ሲሆን፣ በእንዝርቱ ጫፍ ላይ ያለው ዳዶ በሞላ አማካይነት ፍሬን ሆኖ ያገለግላል። ቀጥሎ ሽቦው በሁለት ሮለሮች መካከል ያልፋል። አንደኛውን ሞተር ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛው በብሎንና በሞላ ኃይል ሽቦውን ወደ መጀመሪያው ይጫነዋል። ከሮለሮቹ በኋላ ሽቦው በያጆች ላይነር በሚሉት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ተገፍቶ ይሄድና በመዳብ ቲፕ በኩል ይወጣል።

ለቤት ማሽን የሚሆን 5 ኪሎግራም የሚመዝን፣ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ ጥቅል እንውሰድ። የብረትን እፍጋት ይዘን ብናሰላ፣ በዚህ ጥቅል ላይ ከ1,200 ሜትር በላይ ሽቦ ተጠቅልሎ እናገኛለን። ሽቦው በደቂቃ 6 ሜትር ቢጓዝ፣ በየደቂቃው 24 ግራም ያህል ብረት ይቀልጣል፤ ለዚህም ከ100 አምፔር በላይ ከረንት ያስፈልጋል። ማሽኑ ቮልቴጁን በአብዛኛው ቋሚ አድርጎ ስለሚይዝ፣ የከረንቱ መጠን የሚወሰነው በሽቦው ፍጥነት ነው። ሽቦው ለአፍታ ቢዘገይ የኤሌክትሪኩ ቅስት ይረዝማል፤ ጭራሹን ቢቆም ቅስቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሽቦውን ከመዳቡ ቲፕ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ የሽቦው ፍጥነት መዋዠቅ የሥራውን መልክ ብቻ አያበላሽም፤ ላዩ የተያያዘ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ያልቀለጠ ብየዳ ሊያስከትል ይችላል። እንዲህ ያለውን ብየዳ የያዘ ደረጃ ወይም ተጎታች፣ ጉድለቱን የሚናገረው ሸክም ሲያርፍበት ነው።

የጥቅሉ ፍሬን

ሞተሩ ሲቆም ጥቅሉ ወዲያው አይቆምም። ኢነርሺያ አለውና መዞሩን ይቀጥላል፤ ሽቦውም እየላላ ከጥቅሉ ጠርዝ ይወርዳል። ፍሬኑ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ግን ምን ያህል?

ለስሌት እንዲመች የሙሉውን ጥቅል የውጭ ሬዲየስ 10፣ የውስጡን 5 ሴንቲሜትር እንበል። የመሽከርከር ኢነርሺያው 0.03 ኪሎግራም ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሽቦው በደቂቃ 6 ሜትር ሲጓዝ ጥቅሉ በሰከንድ አንድ ሬዲያን ይዞራል፤ የእንቅስቃሴ ኢነርጂውም 0.015 ጁል ብቻ ነው። ዳዶው በጣም ላልቶ የፍሬኑ ጠምዛዥ ኃይል 0.02 ኒውተን ሜትር ቢሆን፣ ጥቅሉ ከመቆሙ በፊት 7.5 ሴንቲሜትር ሽቦ ይለቃል። ፍሬኑ ወደ 0.2 ኒውተን ሜትር ከፍ ቢል የሚለቀው ከአንድ ሴንቲሜትር በታች ነው። ከዚህ በላይ ማጥበቅ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ጉዳት ግን አለው። ፍሬኑ 0.2 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ሙሉውን ጥቅል ለመፍታት ሽቦውን በ2 ኒውተን መሳብ በቂ ነው። ሽቦው እያለቀ ሄዶ ሬዲየሱ ወደ 5 ሴንቲሜትር ሲቀርብ፣ ለዚያው ፍሬን የሚያስፈልገው ስበት ወደ 4 ኒውተን ያድጋል። በአንጻሩ አንድ ኪሎግራም ብቻ የቀረው ጥቅል የመሽከርከር ኢነርሺያው ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። እንግዲህ የፍሬን አስፈላጊነት ሲቀንስ ፍሬኑ በሽቦው ላይ የሚያሳድረው ጫና ይጨምራል ማለት ነው። ጥቅሉ ሲጋመስ ዳዶውን ጥቂት ላላ የማድረግ ልማድ መሠረቱ ይህ ነው።

በሬውና ግንዱ

አሁን ወደ ሮለሮቹ እንለፍ። ሮለሮቹ ሽቦውን የሚገፉት በሰበቃ ነው። የሚጫኑበት ኃይል 150 ኒውተን፣ የሰበቃው መጠን ደግሞ 0.2 ቢሆን፣ ሳያንሸራትቱ ሊሰጡ የሚችሉት ትልቁ ኃይል 30 ኒውተን ይሆናል። ብሎኑን ስናጠብቅ የምንጨምረው ይህንን ጣሪያ ነው። ጥያቄው የሽቦው መንገድ ምን ያህል ኃይል ይጠይቃል የሚለው ነው።

ገጠር ያደገ አንባቢ መልሱን ያውቀዋል። ጉልበተኛ በሬ በገመድ ታስሮ ሲጎትት፣ እረኛው ገመዱን በግንድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ጫፉን በአንድ እጁ ይይዘዋል። በሬውን የሚያሸንፈው የእረኛው ክንድ ሳይሆን ጥምጥሙ ነው። ከስዊዘርላንድ የተነሣው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር (1707–1783) ይህንን በቀመር አስቀምጦታል። በጥምጥሙ ሁለት ጫፎች ያሉት ኃይሎች ጥምርታ፣ የሰበቃው መጠንና የመጠምዘዣው አንግል ብዜት እንደ ኃይለ ቁጥር ሲወሰድ በኤክስፖነንሻል ያድጋል። በቱቦ ውስጥ የሚገፋ ሽቦም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

በቲፑ በኩል ያለው ተቃውሞ 2 ኒውተን፣ በቱቦው ውስጥ ያለው የሰበቃ መጠን 0.2 ይሁን። ኬብሉ አንድ ጊዜ ሙሉ ዙር ቢጠመጠም ሮለሮቹ 7 ኒውተን መግፋት አለባቸው፤ ሁለት ጊዜ ቢጠመጠም 25 ኒውተን። ቱቦው በአቧራና በብረት ብናኝ ቆሽሾ የሰበቃው መጠን ወደ 0.3 ብቻ ከፍ ቢል፣ ያው ሁለት ዙር የሚጠይቀው ኃይል 87 ኒውተን ይደርሳል። የሰበቃው መጠን በግማሽ ሲጨምር ተቃውሞው ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። አዛውንቱ ቴክኒሻን በአንድ የእግር ግፊት ያስወገዱት ይህንን ነበር።

ሽቦው የሚጎብጥበት ወሰን

ታዲያ ሮለሮቹን የበለጠ አጥብቀን 87 ኒውተን እንዲገፉ ብናደርግስ? እዚህ ላይ ኦይለር እንደገና ያገኘናል። እ.ኤ.አ. በ1744 ባሳተመው ሥራው፣ ቀጭን ዘንግ ከሁለት ጫፍ ሲገፋ መቼ እንደሚጎብጥ አሳይቷል። ወሰኑ በዘንጉ ርዝመት ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ልክ ደግሞ ያድጋል። ያልተቀቀለ ፓስታ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ጫፉን በጣት መጫን፣ ከዚያም ለሁለት ሰብሮ ግማሹን መሞከር ሕጉን በእጅ ያስጨብጣል።

በማሽኑ ውስጥ ሽቦው ያለ ደጋፊ የሚቀረው ከሮለሮቹ እስከ ቱቦው አፍ ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ 2 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 0.8 ሚሊሜትር የብረት ሽቦ በ100 ኒውተን ገደማ ይጎብጣል። ክፍተቱ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን 25 ኒውተን ይበቃል። 0.6 ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ወይም በውፍረት እኩል የሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ከሆነ ወሰኑ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። የወፍ ጎጆው የሚሠራው ከዚህ ወሰን ባለፍን ቅጽበት ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው ግፊት የሚገኘው በሁለት ወሰኖች መካከል ነው፤ ከመንገዱ ተቃውሞ መብለጥ፣ ሽቦውን ከሚያጎብጠው ኃይል ማነስ አለበት። ይህንን መስኮት ብለን እንጥራው። የሮለሮቹ ማንሸራተት ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ ሽቦው ከመተብተቡ በፊት የሚያስጥል መከላከያም ነው። ኬብሉ ቀጥ ሲል መስኮቱ ሰፊ ነው፤ በእኛ ምሳሌ ከጥቂት ኒውተን እስከ 100። ኬብሉ ሲጠመጠም፣ ቱቦው ሲቆሽሽ፣ ክፍተቱ ሲረዝም መስኮቱ ይጠብባል፤ በመጨረሻም ይዘጋል። ያን ጊዜ ትክክለኛ የብሎን ቦታ የሚባል ነገር የለም፤ ብንፈልግም አናገኘውም። ይባስ ብሎ፣ ከመጠን በላይ የጠበቀ ሮለር ሽቦውን ጨፍልቆ ብናኙን ወደ ቱቦው ይልካል፤ ብናኙ ሰበቃውን ይጨምራል፤ ሰበቃው ሮለሮቹን ያንሸራትታል፤ እኛም እንደገና እናጠብቃለን። ችግሩን የሚያሳድገው መፍትሔ የመሰለን ነገር ይሆናል።

በተግባር

ማስተካከያውን በዚህ ቅደም ተከተል መሥራት ይቻላል። አስቀድሞ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ መንቀል፣ መነጽርና ጓንት ማድረግ፤ የሽቦውንም ጫፍ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ የተለቀቀ ሽቦ እንደ ሞላ ተፈናጥሮ ዓይን ሊወጋ ይችላልና። ኬብሉን አቃንተን፣ የሮለሩ ቦይ ከሽቦው ውፍረት ጋር መግጠሙን፣ ቱቦው ንጹሕ መሆኑንና አፉ ወደ ሮለሮቹ መቅረቡን እናረጋግጣለን። ለተራ ብረት ሽቦ ቦዩ ጥርስ የሌለውና የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ይሁን። ከዚያ ኤሌክትሪኩን መልሰን፣ ሞተሩን እያስነሣንና እያቆምን፣ ጥቅሉ አልፎ ሽቦውን እስከማያላላ ድረስ ብቻ ዳዶውን ጥቂት በጥቂት እናጠብቃለን።

በመጨረሻ የሮለሮቹን ብሎን እስኪያንሸራትቱ እናላላና፣ ቶርቹን ከሠሪውም ሆነ ከሚበየደው ብረት አርቀን፣ ሽቦውን ወደ ደረቅ እንጨት እናስገፋዋለን። ሽቦው እንጨቱን ነክቶ ሳይቆራረጥ እየታጠፈ መውጣት እስኪጀምር እናጠብቃለን፤ ከዚያ ትንሽ ጨምረን እናቆማለን። ሽቦው ፈጽሞ መውጫ ቢያጣ ሮለሮቹ ማንሸራተት አለባቸው። ይህን ስናደርግ ሽቦው ኤሌክትሪክ እንዳለው መርሳት አይገባም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። አባባሉ ለሻሽ የተነገረ ቢሆንም ለሽቦም ይሠራል። ተማሪዎቻችን በቀመር የሚያውቁትን ነገር በእጃቸው ሲነኩት እንዲያውቁት እንመኛለን። ሽቦው ዳግመኛ እምቢ ሲል፣ እጅ ወደ ብሎኑ ከመሄዱ በፊት ዓይን ወደ ኬብሉ ይሂድ።