ፕሮግራምን በኮር ላይ ማሰር

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ በሚገኘውና በማሽላ ዝርያ ማሻሻል በሚታወቀው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደሚካሄዱት ካሉ የዝርያ ሙከራዎች የሚሰበሰብ አኃዝ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ ስሌቱን የሚያከናውነው «ፕሮሰሰር» የተባለው ክፍል ነው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለግል ኮምፒውተሮች የቀረቡ ፕሮሰሰሮችም በአንድ ቺፕ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ «ኮር» የሚባሉ፣ ራሳቸውን ችለው ትእዛዝ የሚፈጽሙ አሃዶችን መያዝ ጀምረዋል።

የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ኮር እንደሚሠራ በተለመደው አሠራር የሚወስነው እንደ ዊንዶውስና ሊኑክስ ያለው ስርዓተ ክወና ሲሆን፣ ሥራ የበዛበትን ኮር ለማቃለል ፕሮግራሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዘዋውረው ይችላል። ይሁንና እያንዳንዱ ኮር በቅርቡ የሚፈልገውን መረጃ የሚያኖርበት «ካሽ» የተባለ ትንሽና ፈጣን ማህደረ ትውስታ ስላለው፣ ሞፈርና ቀንበሩን በአንዱ ማሳ ትቶ ወደ ሌላው የተሻገረ ገበሬ ዕቃውን ለማምጣት እንደሚመላለስ ሁሉ፣ የተዘዋወረውም ፕሮግራም መረጃውን እንደገና እስኪያመጣ ጊዜ ያባክናል።

ይህን ለማስቀረት ፕሮግራሙን በተመረጠ ኮር ላይ ማሰር ይቻላል። በዊንዶውስ «ታስክ ማናጀር» ዝርዝር ገጽ ላይ የፕሮግራሙ ስም በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫን «ሴት አፊኒቲ» የሚል ምርጫ ይመጣል፤ በሊኑክስ ደግሞ «ታስክሴት» የተባለው ትእዛዝ ያገለግላል። የኮሮቹ ቆጠራ የሚጀምረው ከ1 ሳይሆን ከ0 ነው።

ሆኖም ማሰር ፕሮግራሙ ሌሎች ሥራ ፈት ኮሮችን እንዳይጠቀም ስለሚከለክለው፣ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ድልድሉን ለስርዓተ ክወናው መተው፣ ማሰርንም ጥቅሙ በልኬት ሲረጋገጥ ብቻ መተግበር ይበጃል።